የይመኙሻል ሳምንት በሶባ

ይመኙሻል ልጇን የምታያት ዓርብ ዓርብ ብቻ ነበር፤ ያውም ከቀትር በኋላ። የምትሠራው ካርቱም፣ አርካዊት ሰፈር ውስጥ፣ አንድ ባለፎቅ ቤት ነው። ሁሉም ሀጃ የሚሏት እመቤት፣ ነጋዴ ባሏ፣ አምስት ልጆች፣ አልጋ ላይ የዋሉ አንዲት አሮጊት፣ በዚያ ላይ የማያልቅ እንግዳ። አዳሯም እዚያው ነው። ልጇ ሳራ ደግሞ ደይም፣ ሐበሻ በሚበዛበት ሰፈር፣ መሪማ ከምትባል የወሎ ሴት ጋር ትኖራለች። ዓርብ የምሳው ዕቃ ታጥቦ ሲያልቅ ይመኙሻል ጠርሃዋን ተከናንባ ሚኒባስ ትሳፈራለች። ሱቅ ዐረቢ ገበያ ወርዳ ለልጅቷ ብስኩት ወይም የፀጉር ጌጥ ትገዛለች፤ ከዚያ ሌላ ሚኒባስ ይዛ ደይም ትገባለች። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት አርካዊት መመለስ አለባት። እናት የምትሆነው እንግዲህ ከመንገድ በተረፈችው ሰዓት ነው።

እኔ ያወቅኋት እ.ኤ.አ. በ1997፣ የሉተራን ኅብረታችን ለሐበሻ ልጆች የበጋ ካምፕ በጀመረበት ዓመት ነው። ካምፑ ውስጥ የአማርኛ ፊደል አስተምር ነበር። ታሪኩን ከፊሉን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የቀረውን እሷና መሪማ፣ አንዷ ስትጀምር ሌላዋ እየነጠቀች፣ ነግረውኛል።

የእብናት ልጅ ናት። ባሏ ለብሔራዊ ውትድርና ሲፈለግ ሁለቱም ቤታቸውን ዘግተው በመተማ በኩል ተሻገሩ። ገዳሪፍ ላይ ሰሊጥ ሲያጭዱ ከርመው ካርቱም ገቡ። እሷ ነፍሰ ጡር ሳለች ባሏ «ሊቢያ ልድረስና አስጠራሻለሁ» ብሎ ሄደ። ከኩፍራ ድምፁን በካሴት ቀድቶ ላከላት። «ደኅና ነኝ፤ ወንድ ከሆነ በአባቴ ስም ጥሪው» ይላል። ሴት ተወለደች። ከዚያ ወዲህ ካሴትም ወሬም አልመጣም።

ሳራ ጡት ስትተው ይመኙሻል ሥራ መፈለግ ነበረባት። ሥራ የሚያገናኘው ደላላ አርካዊት በር ላይ ከማድረሱ በፊት አንድ ነገር አስጠነቀቃት፤ «ልጅ አለኝ እንዳትዪ። ልጅ ያላትን ማንም አይቀጥርም።» አላለችም። ሀጃ «አግብተሻል?» ስትላት «አላገባሁም»፣ «ልጅስ?» ስትላት «የለኝም» አለች። ቀላል መልስ ነበር፤ ግን ይኸው መልስ ዓመታት ሙሉ አፏን ዘጋው። ልጅቷ ስትታመም ፈቃድ የምትጠይቅበት ምክንያት አልነበራትም። ስታለቅስ ብትታይ እንኳ «ዓይኔን ሽንኩርት ነው» ከማለት ሌላ መልስ አልነበራትም።

መሪማ የከሚሴ ሰው ናት፤ ከይመኙሻል በዕድሜ ትበልጣለች። እሷም በሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ወገቧ እምቢ ሲላት፣ በአንድ ክፍል የጭቃ ቤቷ ውስጥ እያደሩ የሚሠሩ ሴቶችን ልጆች ትጠብቅ ጀመር። የመጣላትን ሁሉ ተቀበለች፣ የእስላሙንም የክርስቲያኑንም። ሳራ ስትመጣ ገና ትንሽ ነበረችና ሌላ እናት አላወቀችም። መሪማን በሱዳን ልጆች አፍ «ዩማ» ትላታለች፤ እናቴ ማለት ነው። ይመኙሻልን ግን እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ «ይመኙ» ትላት ነበር። አማርኛዋም ጥቂት ነው። ከሰፈር ልጆች ጋር ዐረብኛ፣ ትምህርት ቤት ዐረብኛ፣ መሪማም ስትቆጣ ዐረብኛ። ይመኙሻል ዓርብ መጥታ «እንዴት ከረምሽ ልጄ?» ስትላት ልጅቷ «ከዊስ»፣ ደኅና፣ ብላ ብስኩቷን ይዛ ወደ ውጭ ትሮጣለች።

የካምፑ ሐሳብ የጋሽ ጸጋዬ ነው። ጸጋዬ ነቀምት መምህር የነበረ፣ ካርቱም ከገባ በኋላ ሱቅ ዐረቢ አጠገብ ፍሪጅ የሚጠግን ሰው ነው። ከሚስቱ ከየኔነሽ ጋር የኅብረታችን ምሰሶዎች ነበሩ። አንድ ግንቦት፣ ትምህርት በተዘጋበት፣ አስፋልቱ በሚቀልጥበት ወር፣ ደይም ውስጥ ፍሪጅ አድርሶ ሲመለስ ከአንድ መስኮት ፍርግርግ ኋላ የልጆች ፊት አየ። በሩ በውጭ ተቆልፏል። እናቶቻቸው ሥራ ናቸው። «ውኃ አላችሁ?» ብሎ ጠየቃቸው። «አለን» አሉት። «ታዲያ ምን ትሠራላችሁ?» ሲላቸው አንዱ «ማታን እንጠብቃለን» አለው። ጸጋዬ ይህችን ቃል ለኅብረቱ ጉባኤ ነገረ።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከሶባ ወዲያ በጥቁር ዓባይ ዳር የማንጎና የሎሚ አትክልት ያላቸው አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ ነበሩ። ጸጋዬ የፍሬ ማቀዝቀዣቸውን ጠግኖላቸው ያውቁታል። ቦታውን ለአንድ ሳምንት ሲለምናቸው «ልጆች ናቸው አይደል? ይጫወቱ። ቅርንጫፍ እንዳይሰብሩብኝ ብቻ» አሉ። ከዚያ በኋላ የቀረው ልጆቹን ከቤታቸው ማውጣት ነበር። ጸጋዬ መጀመሪያ የሄደው ወደ መሪማ ነው።

መሪማ በሩን በገላዋ ዘግታ ቆመች።

«ጴንጤ ልታደርጓቸው ነው?»

«አይደለም፣ እትዬ። ዛፍ አይተው፣ ወንዝ አይተው እንዲመጡ ነው።»

«እኔ ዘንድ ካሉት ሁለቱ እስላም ናቸው፤ አንዷ የተዋሕዶ ልጅ ናት። እናቶቻቸው በአደራ ነው የሰጡኝ። ለእናንተ ሰጥቼ ሃይማኖታቸው ቢቀየር ምን እላቸዋለሁ?»

ጸጋዬም «እንግዲያው እርስዎም ይምጡ» አላት። «እኛ መጽሐፍ ቅዱስ የምናስተምርበት ሰዓት አለ፣ አልደብቅዎትም። በዚያ ሰዓት የእስላም ልጆች ከእርስዎ ጋር ይሁኑ። ሶላታቸውንም እርስዎ ያሰግዷቸው።»

«ምግቡስ? ሥጋው በማን እጅ ነው የሚታረድ?»

መልሱንም መሪማ ራሷ አወጣችው፤ «ወንዝ ዳር አይደለም እንዴ ያላችሁት? ዓሣ በሉ! ዓሣ እስላም የለው ክርስቲያን።» በዚህ ተስማሙ። እስከ ዛሬ ድረስ ካምፑ ውስጥ ሥጋ ገብቶ አያውቅም።

የመጀመሪያው ካምፕ ትንሽ ነበር፤ ልጆቹ በአንድ አውቶቡስ ገብተው ቦታ ተረፈ። ነገሩ ከዓርብ ወዲህ ስለተወሰነ ይመኙሻል ምንም አልሰማችም። ዓርብ ደይም ስትደርስ በሩ ተቆልፏል፤ ጎረቤት «ሶባ ወስደዋቸዋል፣ ጴንጤዎቹ» አሏት። ሶባ ድረስ ያን ረጅም መንገድ ተሳፈረች፤ ከአስፋልቱ ወርዳ በአቧራው በእግሯ ገባች። ልጆቹ ከማንጎው ሥር ተደርድረው በአማርኛ ይዘምሩ ነበር። ሳራ ከፊት ረድፍ ቆማለች። ይመኙሻል ለጠብ የያዘችው ቃል ሁሉ ጠፋባት። ልጇ አማርኛ ስትዘምር ሰምታ አታውቅም።

መዝሙሩ ሲያልቅ አንዲት ልጅ ሳራን «ያቺ ሴትዮ ማናት?» ስትላት ሰማሁ። ሳራም በዐረብኛ «ይመኙ ናት፤ ዓርብ ዓርብ የምትመጣዋ» አለቻት። ይመኙሻል ዐረብኛው ገብቷታል። የጠርሃዋን ጫፍ ወደ አፏ አስጠግታ ቆመች። የኔነሽ አጠገቧ ነበረችና እጇን ያዝ አድርጋ ወደ ወጥ ማብሰያው ወሰደቻት። «ለሚመጣው ዓመት ሰው ያስፈልገኛል። ሳምንቱን ሙሉ ነይና አብስዪልን፤ ከልጅሽም ጋር ትሰነብቻለሽ» አለቻት። ይመኙሻል «ማን ፈቅዶልኝ?» አለች። ጊዜ አልነበራትምና ወዲያው ወጣች።

ነገሩ ግን ከሐሳቧ አልወጣም። ዓመቱን ሙሉ ሳህን ስታጥብ ስታወጣው ስታወርደው ከረመች። በተከታዩ ግንቦት ሀጃ ሳሎን ብቻዋን ተቀምጣ ሻይ ስትጠጣ ቀርባ አንድ ሳምንት እንድትፈቅድላት ጠየቀቻት።

«ለምን?»

ይመኙሻል የእኅቴ ሠርግ ነው ልትል አስባ ነበር፤ ሲደርስ አልወጣላትም። «ልጅ አለችኝ» አለች።

ሀጃ ብርጭቆውን አስቀመጠች። «የማን ልጅ?»

«የኔ። ስምንት ዓመቷ ነው። ደይም ናት።»

ሀጃ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ይመኙሻልም ዛሬ ድረስ ክፉ አትላትም። ግን ያን ቀን ፊቷ ተለወጠ። «ስድስት ዓመት ሙሉ ቤቴ ውስጥ ዋሽተሽኛል» አለች። «ልጆቼን አጥበሽ አሳድገሻል፤ እናቴን ታጎርሻለሽ። እንዲህ ያለውን ነገር የደበቅሽኝ ሌላ ምን ደብቀሽኝ ይሆን? ዕቃሽን ያዢና ሂጂ።»

ይመኙሻል አልለመነችም። ላይ ቤት ወጥታ አሮጊቷን ተሰናበተቻቸው። ሀቦባ፣ ማለት አያት፣ ትላቸው ነበር። አሮጊቷ የሆነው አልገባቸውም፤ «ውኃ ይዘሽልኝ ነይ» አሏት። ውኃውን አምጥታ አጠጣቻቸውና አንድ ፌስታል ልብሷን ይዛ ከአርካዊት ወጣች። በማግስቱ ሶባ መጣች፤ መመለሻ ቤት የላትም፣ ሳምንት ግን አገኘች።

ሳምንቱ እንዳሰበችው አልጀመረም። ሳራ የምትተኛው ከመሪማ ጎን ነው፤ የምትበላው ከመሪማ እጅ ነው። ይመኙሻል ዓመታቱን በአንድ ቀን ልትከፍል የፈለገች ይመስል ልጅቷን አፍታ አላስቀምጥ አለቻት። «ራበሽ? ጠማሽ? ፀጉርሽን ልሥራሽ?» ሳራ ጭንቅላቷን እያሸሸች ትሄዳለች። በተለይ ፀጉሯን ሲነኩባት አትወድም ነበርና አንድ ጊዜ «ኸሊኒ! ተዪኝ!» ብላ ጮኸችባት፤ ልጆች ሁሉ ዞረው አዩ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሀቡብ መጣ። ካርቱም የኖረ ያውቀዋል፤ ከአድማስ ላይ ቡናማ የአቧራ ግድግዳ ይቆምና ቀኑን ይውጠዋል። ከወንዙ ማዶ ስናየው ልጆቹ ገና እየተጫወቱ ነበር። «ወደ ቤት! ወደ ቤት!» ብለን ጮኽን። ከአትክልቱ መሐል አንድ የጡብ መጋዘን ነበረችና ሁሉም ወደዚያ ሮጠ። ይመኙሻል ድስቷን ጥላ እጆቿን ዘርግታ መንገዱ ላይ ቆመች። ሳራ ስትሮጥ መጣች፤ በእናቷ ክንድ ሥር ሾልካ አልፋ መሪማ ቀሚስ ውስጥ ገባች። የይመኙሻል የተዘረጋ እጅ ባዶውን ቀረ። ከኋላ ወድቃ የምታለቅስ ሌላ ልጅ አንሥታ ታቅፋ ገባች።

አቧራው ካለፈ በኋላ ሁለቱ ሴቶች ወንዝ ዳር አሸዋ የሞላውን ዕቃ ሲያጥቡ አብሬያቸው ነበርኩ።

«አየሽ አይደል እትዬ መሪማ?» አለች ይመኙሻል፣ ቀና ሳትል።

«አየሁ።»

«እኔ የወለድኳት ብቻ ነኝ። ልጅሽ ናት።»

«እንዲህ አይባልም» አለች መሪማ። ድስቱን ገልብጣ አስቀመጠችና ተነሣች፤ ወገቧን ይዛ ትንሽ ቆመች። «ስትታመም እኔ፣ ስትደነግጥ እኔ። ሌላ ወዴት ትሩጥ? እኔ እዚህ እስካለሁ ግን ዓይኗ አንቺን አያይም። ነገ ጠዋት ደይም እሄዳለሁ።»

«ትተሻት?»

«ከእናቷ ጋር ትቼያት። ዓርብ እመጣለሁ፤ ኢንሻአላህ። አደራ የምልሽ ሌላ ነው። ሁለቱን የእስላም ልጆች ለሶላት ቀስቅሻቸው፤ ሳይታጠቡ፣ ውዱእ ሳያደርጉ እንዳይቆሙ። ጴንጤዎቹ ሲዘምሩ አንቺ ዘንድ ይሁኑ።»

ይመኙሻል እንባዋን በክርኗ ጠርጋ «እኔ የተዋሕዶ ሰው በጴንጤ ካምፕ ውስጥ የእስላም ልጅ ላሰግድ?» አለች። መሪማ ከት ብላ ሳቀች። «አብሽሪ» አለቻት፣ «አላህ ያስቃል እንጂ አይቆጣም።»

ረቡዕ ጠዋት ዳቦ ባመጣችው መኪና መሪማ ሄደች። «ቤት ሥራ አለብኝ» ብላ ነው የሄደችው። ሳራ መኪናዋን እስከ ዋናው መንገድ በሩጫ ተከተለች። ስትመለስ ከሎሚዎቹ ሥር ተቀምጣ አለቀሰች፤ ቁርስ እምቢ፣ ምሳ እምቢ። የኔነሽ ልታባብላት ስትነሣ ይመኙሻል «ተያት፣ ታልቅስ» አለቻት። እሷም አልቀረበቻትም። ከልጅቷ ትንሽ ፈንጠር ብላ ቁጭ አለችና የዕለቱን ዓሣ ትገፍ ጀመር። ቅርፊቱን ትቧጭራለች።

ቅርፊቱ እየፈናጠረ ከሳራ እግር ሥር ወደቀ። አንዱን አነሣችው፤ ለፀሐይ ይዛ አየችው። «ዳ ሹኑ?» አለች፤ ይኼ ምንድን ነው?

«ቅርፊት» አለች ይመኙሻል።

«ቅርፊት» አለች ሳራ። ትንሽ ቆይታ የዐረብኛውን ስም ነገረቻት። ይመኙሻል ደግማ ስትለው አጣመመችው። ልጅቷ አረመቻት። በዚህ መካከል የአትክልቱ ዘበኛ፣ ከቢር የሚባል ሸበቶ ሰውዬ፣ ዱላውን ይዞ ሲያልፍ ይመኙሻል ዓሣ ልትሰጠው ፈልጋ «ተዓሊ!» ብላ ጠራችው። ሳራ አፏን ያዘች። ይመኙሻል ዐረብኛ የተማረችው ከሀጃ ትእዛዝ ነው፤ ሀጃ ደግሞ እሷን «ነዪ፣ ሂጂ፣ አምጪ» ስትል ነው የኖረችው። ስለዚህ ወንዱንም ሴቱንም በሴት ነበር የምታናግረው። ከቢርን፣ ያን ሁሉ ጢም ይዞ፣ «ነዪ እንጂ!» አለችው። ከቢርም ለምዶታልና «መጣሁ እመቤቴ» ብሎ በሴት ድምፅ ቀጥኖ መለሰላት። ሳራ ሎሚው ሥር ተንከባለለች። እንባው ፊቷ ላይ ገና አልደረቀም ነበር፤ ትስቃለች። ይመኙሻልም ምን እንዳጠፋች ሲነገራት ራሷም ሳቀች።

ከዚያ ሳራ ማስተማር ያዘች። «ለወንድ 'ተዓል' ነው፤ ለሴት 'ተዓሊ'።» ይመኙሻልም ስለ ዋጋው የሽንኩርቱን፣ የማማሰያውን፣ የአመዱን ስም በአማርኛ ትነግራታለች። ምሳ ስታቀርብ ሳራ ከጎኗ ቆማ ዳቦ አደለች። ሐሙስ ጠዋት ደግሞ እኔ ፊደል ላስተምር ስጠራቸው ሳራ ቀና ብላ ሳታየኝ «ቆይ፣ እየተሠራሁ ነው» አለችኝ። ከእናቷ ጉልበት መሐል ተቀምጣለች፤ ፀጉሯ ግማሹ ተጎንጉኗል።

ዓርብ መሪማ ስትመጣ ሳራ ሮጣ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ ይመኙሻል ሥራዋን አላቋረጠችም። ልጅቷ ግን መሪማን በእጇ እየጎተተች አመጣቻትና «ዩማ፣ ነዪ ብዪ፤ እማዬ የጠበሰችው ዓሣ ነው» አለቻት። መሪማ ይመኙሻልን አየቻት። ይመኙሻል ጭሱ ዓይኔ ገባ ብላ ፊቷን አዞረች።

ካምፑ ሲያበቃ ይመኙሻል የምትገባው የመሪማ ቤት ነበር። ልጆቹ በአንድ በኩል፣ ሁለቱ ሴቶች በሌላው ተኙ። ዓሣ ጠብሳ በሰፈሩ እየሸጠች አንድ ሁለት ወር ቆየች። አንድ ቀን የደይምን ጠባብ መንገድ የሞላች መኪና በራቸው ላይ ቆመች፤ ሀጃ ወረደች። ሰው ሁሉ ከየበሩ ወጣ። ሀጃ ቤቱን፣ የተደረደሩትን ፍራሾች፣ መጨረሻም ሳራን አየች።

«ይቺ ናት?»

«አዎ።»

«አንቺን ትመስላለች።» ሀጃ ወደ ይመኙሻል ዞረች። «እናቴ ከሌላ ሰው እጅ አትበላም። አዲሲቱን ልጅ ትተፋባታለች። ተመለሽ።»

ይመኙሻል ለመመለስ ልቧ ነበር፤ አሮጊቷን ትወዳቸዋለች። ግን «አላድርም» አለች። «ጠዋት እመጣለሁ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ቤቴ እገባለሁ።» ሀጃ «እንዲህ ተደርጎ አያውቅም» አለች። ሀጃ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ትንሽ ተቀመጠችና መስታወቱን አውርዳ «ነገ እንዳታረፍጂ» አለቻት።

ከዚያ ወዲህ ይመኙሻል ማታ ማታ ደይም ትገባለች። ሳራ ሁለት እናት ያላት ልጅ ሆነች፤ አንዷ ስትቆጣ ወደ ሌላዋ ትሮጣለች።

ይመኙሻል የሆነላትን ለራሷ ብቻ አላስቀረችም። ሱቅ ዐረቢ በየሚኒባሱ ወረፋ የምታገኛቸውን ሴቶች «ልጅሽ የት ናት? ግንቦት ላይ ሶባ ነዪ» ትላቸዋለች። በሦስተኛው ዓመት እናቶች በርከት ብለው መጡ። ከኅብረቱ ሽማግሌዎች አንዳንዶቹ «እኛ የጀመርነው የልጆች ካምፕ ነው፤ ሴቶቹ ምን ይሠራሉ?» አሉ። ጸጋዬ «ልጁ የሚፈልገው እናቱን ከሆነ እኛ መዝሙር ብቻ ይዘን ምን እናደርገዋለን?» ብሎ ተከራከረ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ከሳምንቱ ግማሹ የእናትና የልጅ ሆነ፤ ትምህርቱም ቀለል አለ። እናቶቹ አንዳንዶቹ አንድ ቀን፣ አንዳንዶቹ የዓርቡን ከሰዓት ብቻ ነው ማግኘት የሚችሉት፤ ያችኑ ይዘው ይመጣሉ።

ካምፑ አደገ። አንድ ዙር የነበረው ሁለት፣ በኋላም ሦስት ሆነ። ከውጭ ያሉ ሉተራን ወንድሞች ድንኳን ላኩልን፤ ከቢርና ልጆቹ ከሸምበቆና ከሰሌን ሰፊ ዳስ ሠሩልን። የደቡብ ሱዳን ልጆችም መጡ፤ መዝሙሩ በሁለት ሦስት ቋንቋ ሆነ። አንድ ዓመት የስብሰባ ፈቃዱ ሳይደርስልን ቀረና ደይም በተከራየነው ግቢ ውስጥ፣ አሸዋው ላይ ውኃ እያርከፈከፍን አደረግነው። ልጆቹ ወንዙን አጥተው አኮረፉ፤ ይመኙሻል ግን ዓሣውን ከወንዝ አስመጣች።

የንስሐ አባቷ ወሬው ደርሷቸው «ሃይማኖትሽን ለወጥሽ እንዴ?» ብለው ጠየቋት። «ኧረ አባ፣ እኔ እዚያ ሽንኩርት ነው የምከትፍ» አለቻቸው። አባ መስቀላቸውን እያገላበጡ «ለሚቀጥለው ዓመት የእኔን የክርስትና ልጆች ይዘሽልኝ ሂጂ» አሏት። ዛሬም እሷ የተዋሕዶ ሰው ናት። ጸጋዬም አንድ ቀን ነይ ወደ እኛ ብሏት አያውቅም።

አሥረኛ ዓመቱን በ2007 አከበርን። እንግዳ ከውጭ መጣ፤ ከገዳሪፍ ሁሉ ሰው መጣ። ያኔ ትንንሽ የነበሩት ጎርምሰው ድምፅ ማጉያ ሲተክሉ አየን። ሳራ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሕፃናቱን በማንጎው ሥር ሰብስባ ፊደል ታስቆጥራለች፤ እኔ ከኋላ ተቀምጬ አያለሁ። ንግግሩ ረዘመ። መጨረሻ ላይ ጸጋዬ ይመኙሻልን ወደ መድረክ ጠራት። እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች፤ ማይኩን ተቀብላ ሕዝቡን አየች። ወርዳ መሪማን ከሴቶች መሐል በክንዷ ይዛ አወጣቻት።

«እኔ መናገር አልችልም። ይቺን ጠይቋት» አለች።

መሪማ በጣም አልተጨነቀችም። «አሰላሙ ዐለይኩም» አለች። «እኔ መጀመሪያ እነዚህን ሰዎች በር ላይ ላስቀራቸው ነበር። ልጆቼን ይቀሙኛል ብዬ ነው። ወላሂ፣ የተቀማሁት አንዷን ብቻ ነው፤ እሷንም ራሴ ነኝ የሰጠሁ።» ሕዝቡ ሳቀ። ሳራ አልሳቀችም፤ ሕፃናቱን ትታ መጥታ ከሁለቱ መሐል ቆመች።

በዚያው ዓመት መጨረሻ መሪማ አገሯ ገባች። ወገቧ ብሷል፤ ከሚሴ ያለው ወንድሟም «ነዪ፣ ቤት አለሽ» ብሏታል። የአርካዊቷ አሮጊት ዐርፈው ነበርና ይመኙሻል ሥራውን ለቃ ደይም ውስጥ ዓሣ መጥበሻ ከፈተች። ግንቦት ሲመጣ ሱቋን ዘግታ ሶባ ትወርዳለች፤ የካምፑ ወጥ ቤት የሷ ነው። የመሪማን ቦታ ሬሕማ የምትባል ሌላ የወሎ ሴት ይዛለች፤ በምግብ ጨው በየቀኑ ይጣላሉ።

ሳራ ነርስነት ተምራ ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ አገኘች። ኢትዮጵያን አይታ አታውቅም። ይመኙሻልን የሚያውቅ ሁሉ ልጅቷ እብናት ሄዳ ዘመድ ትጠይቃለች ብሎ ነበር የጠበቀው። እናቷ ግን «መጀመሪያ ከሚሴ» አለች፤ «እብናት አብረን እንሄዳለን።» ለመሪማ የወገብ ቅባት፣ ሁለት የመጎናጸፊያ ቶብ፣ የሱዳን ሽቶና ተምር ጭና ሸኘቻት።

መድረሷን የሰማን ቀን እኔ መጥበሻው ቤት ነበርኩ። ስልኩ ሲጮህ ይመኙሻል በዱቄት እጇ አነሣችው፤ የመሪማ ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል።

«ደርሳለች፣ አልሐምዱሊላህ! ደሴን ሲያልፉ በርዷት ስትንቀጠቀጥ ነው የመጣች። ደግሞ ምን አድርገሻት ነው እንዲህ የከሳች? አታበያትም እንዴ?»

«እትዬ መሪማ፣ ሃያ ዓመት አልፏታል! እኔ ነኝ የማጎርሳት?»

«እዚህ በቆየችበት እኔ አጎርሳታለሁ። ስትመለስ አንቺ ትቀጥያለሽ።»

ከኋላ የሳራ ሳቅ ተሰማ። ይመኙሻል «በሉ እሺ፣ ዘይቱ ሊቃጠልብኝ ነው» ብላ ስልኩን ዘጋችና ዓሣውን ገለበጠች። ደንበኛ ተሰልፎ ይጠብቃት ነበር።